ቶሎ ዝም የምትል ኩባያ ይዤ ከጅማ እስከ ሱሉልታ

ሰው ከጅማ ወደዚያ አቅጣጫ ሲሄድ አዲስ አበባ ገብቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ግን ከተማዋን በጎን እያየሁ ዙሪያዋን ብቻ ዞሬ መጣሁ፤ ሰበታ አደርኩ፣ ቡራዩ ሰነበትኩ፣ ሱሉልታ በብርድ ተንቀጠቀጥኩ። አብረውኝ የሚያስተምሩት ሰዎች "ምን አይተሽ መጣሽ?" ሲሉኝ አጭር መልስ አጣሁ። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

የሄድኩት አንዲት ኩባያ ይዤ ነው። የሚጠጣባት አይደለችም። ከንጹህ ኳርትዝ መስታወት የተሠራች፣ ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት የምታህል፣ መሃሏ ላይ እንደ እንጉዳይ እግር ያላት ነገር ናት። ከንፈሯን በኤሌክትሪክ ነካ ሲያደርጓት ዓይን በማያየው ሁኔታ ትርገበገባለች። የቆመችበት ነገር ሲዞር መርገብገቡ እኩል አይዞርም፤ ወደኋላ ይቀራል። ምን ያህል እንደቀረ የለካ ሰው ዕቃው ምን ያህል እንደዞረ ያውቃል። ሳተላይት በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ አቅጣጫ የሚነግረው ጋይሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ልቡ እንዲህ ያለች ኩባያ ልትሆን ትችላለች።

ጠላቷ የጉልበት ብክነት ነው። አየሩ ይበላባታል፣ ገላዋ ላይ ያለ ጭረት ይበላባታል፣ እግሯ የተጣበቀበት ሙጫ ይበላባታል። ጉልበቷ ካለቀ ዝም ትላለች። ጉልበቷ ባንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ከባከነ ደግሞ ሳትዞር ዞርኩ ብላ ትዋሻለች።

የእኔዋ ቶሎ ነበር ዝም የምትለው። ዓመታት በእጄ ሞርጄ፣ በእጄ ወልውዬ፣ ነካ ባደረግኳት ቁጥር ገና ደስ ሳይለኝ ትሞትብኛለች።

ገዲሴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ናት። አንድ ዶርም ነበርን፣ ፈተና የምናጠናውም አብረን ነበር። አሁን ቡራዩ ውስጥ የራሷ ወርክሾፕ አላት፤ የሆስፒታል መሣሪያ እየጠገነች በትርፍ ጊዜዋ እንደኔው ኩባያ ትሠራለች። ክረምት ላይ ደውላ "ሰኒ፣ የኔ እኮ ዝም አልል አለች!" ስትለኝ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን ራት አልበላሁም። ቆይታ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ኩባያዋን መሣሪያቸው ውስጥ ገጥመው ሊሞክሩ እንደሆነ ነገረችኝ፤ "ያንቺንም ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንለካት" አለችኝ። ለባልደረቦቼ ልማር ነው የምሄደው አልኩ። ውስጤ ግን ስህተቷን ፈልጌ እንዳገኝ ነበር የሚመኘው።

ሐሙስ

ኩባያዋን በጥጥ ጠቅልዬ በብረት ምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤ ተነሳሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ወስዶ ምሳ ዕቃዋን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ አልሰጥህም አልኩት። "ምሳ ነው?" አለ። አዎ አልኩ፤ ምን ልበለው። ጊቤ በረሃ ስንደርስ ሙቀቱ በረታና አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ምሳሽ ሳይበላሽ ብዪው እንጂ" ይሉኝ ጀመር። ወልቂጤ ቆመን ሰው ሁሉ ሲበላ እኔ ምሳ ዕቃዬን አቅፌ ክትፎ አዘዝኩ። ሴትዮዋ ከማዶ ጠረጴዛ ሆነው ያዩኝ አስተያየት እስከ ቱሉ ቦሎ ድረስ አብሮኝ ተጓዘ።

ሰበታ ላይ ረዳቱ ረስቶኝ አለፈ። ዓለም ገና ስንደርስ ነው ጮኼ የወረድኩት፤ ዝናብ ነበር። የጅማ ዝናብ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው ውስጡ ይሄዳል። የዚያ ዝናብ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ጭቃውም ጫማ ይዞ አይለቅም። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ሠራተኞች አገኙኝ። አንደኛው፣ ከወላይታ የመጣ ልጅ እግር ሰው፣ ጫማዬን መዝዞ አውጥቶ በራሱ ውሃ አጠበልኝ። "እህቴ፣ ዕቃሽን ልያዝልሽ" ሲል አሁንም እምቢ አልኩ። አልተቀየመም፤ ሻንጣዬን ተሸክሞ ታክሲ ላይ አሳፈረኝ።

ያደርኩት እትዬ ዘነበች ቤት ነው። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው፣ ሰበታ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እግሬን በሙቅ ውሃ እንድነክር አደረጉ፣ ዶሮ ወጥ አቀረቡ፣ ቀጥሎም ያልጠበቅኩትን አመጡ።

"ያቺ ጓደኛሽ፣ የቡራዩዋ፣ በቴሌቪዥን አየኋት እኮ! ስለ መስታወት ነገር ስትናገር። አንደበቷ እንዴት ይጣፍጣል! አንቺም እንደሷ ትሠሪያለሽ አሉኝ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ አንቺን ለምን አላቀረቡሽም?"

የዶሮውን እግር ሳህኑ ላይ መለስኩት። እትዬ ዘነበች በክፋት አልነበረም የጠየቁኝ፤ ይልቅ ብልቱን ሁሉ ወደኔ እየገፉ ነበር። ያጎርሱኛል፣ ያጎርሱኛል፣ በየጉርሻው መሃል ገዲሴን ያነሳሉ። በመስኮቱ የፋብሪካዎቹ መብራት ይታያል። እኛ ዘንድ ለአንድ ብሎን ሳምንት እንጠብቃለን፤ እዚህ ሰው ከበሩ ወጥቶ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚበይድ፣ የሚቀባ ያገኛል። ሰበታንም ቀናሁባት።

ዓርብ

ከሰበታ ቡራዩ ታክሲ እየቀያየሩ ነው የሚኬደው፤ አየር ጤና ተወርዶ፣ በአስኮ ታልፎ። ፉሪ በስተቀኝ ኮረብታው ላይ ግማሹ እርሻ ግማሹ ያላለቀ ቤት ሆኖ ይታያል። አንዱ ወያላ ምሳ ዕቃዬን ከኋላ ካልወረወርኩ እንደማያሳፍረኝ ምሎ ነበር፤ "የብርጭቆ ዕቃ ነው" ስለው "ታዲያ ብርጭቆ በምሳ ዕቃ ማን ይይዛል?" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

ገዲሴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። "አካም ጂርታ፣ ሰኒኮ!" ብላ አቀፈችኝ። አልወፈረችም፣ አልከሳችም። ባሏ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን አዝሎ ከኋላዋ ቆሟል። ልጁን ያዘለው እሱ ነው! እኔ ማታ ማታ ኩባያ ስወለውል ባለቤቴ ስንት ጊዜ "ይሄ መስታወት መቼ ነው የሚያልቀው?" እንዳለኝ ትዝ አለኝ።

ወርክሾፑ ከብረታ ብረት ቤቶች ኋላ ያለ አንድ ክፍል ነው። የግራይንደሩ ጩኸት ጆሮ ይበሳል፣ የአምቦ መንገድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ይሄማ ለኩባያ አይሆንም ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ዕቃዋን አሳየችኝ። ኩባያዋ የምትቆመው አሸዋ በሞላበት በርሜል ላይ በተቀመጠ ከባድ የብረት ድስት ውስጥ ነው። ድስቱን አየሩን መጥጦ ባዶ የሚያደርግ ፓምፕ ተገጥሞለታል፤ ከተዘጋ ላብራቶሪ ያገለገለ ገዝታ፣ ራሷ ፈታ አድሳዋለች። እንዲህ ያለ ፓምፕ እኛ ዘንድ በወሬ ብቻ ነው የምናውቀው። የኩባያዋን መርገብገብ በቀጭን ጨረር ተከታትላ በትንሽ ስፒከር ድምፅ አድርጋዋለች።

"መጀመሪያ ያንቺን" አለች።

ኩባያዬን አስገባናት። አየሩ ወጣ። ነካ አደረገቻት፤ ቀጭን ፉጨት ክፍሉን ሞላ፣ ልቤም አብሮ ሞላ። ገዲሴ ወንበር ስባ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ፉጨቱ አለቀ። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ቀና አለች።

አየሩን ቀስ ብላ መልሳ ኩባያዬን ጥጧ ላይ አስተኛቻት። እንዲህ መጠንቀቋ ከምንም በላይ አናደደኝ።

ቀጥሎ የሷን አስገባች። ፉጨቱ ጀመረ። ሻይ ጠጣን። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ተባበለ፣ ተኛ። ፉጨቱ እየቀጠነ አሁንም አለ።

"የምትነኪበት ኤሌክትሪክ አልፎ እየገባ እንዳይሆን" አልኳት። "ያ ከሆነ እኮ እሷ ዝም ብላም ማሽኑ ነው የሚያፏጨው።"

"ልክ ነሽ፣ እንየው።" ሽቦውን ከነጭራሹ ነቅላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፉጨቱ ቀጠለ። ሽቦውን ይዤ ቆምኩ።

ምሳ ቀረበ። እሷ ጴንጤ ናት፣ ዓርብን አትጾምም። ለእኔ ብላ ግን ሽሮና ጎመን ሠርታ ነበር፤ እሷና ባሏም አብረውኝ ያንኑ በሉ። ሰው እንዲህ ሲያስብለት መቅናት እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ! ቢሆንም አልተውኩትም።

ከምሳ በኋላ ኩባያዬን በአጉሊ መነጽር እያየች ያላትን ሁሉ ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት፣ አንድም ሳትደብቅ። "አሞራረድሽ ቆንጆ ነው፣ ዙሪያዋ ከኔዋ ይበልጥ እኩል ነው። ጉልበቷ የሚሰረቀው በሌላ ነው። አየሽ፣ ውስጧ ላይ ጭረቶች አሉ፤ እነሱን በአሲድ አጥበን በእሳት ማዳን አለብን። እግሯን ደግሞ በሙጫ ቀብረሻታል። ሙጫ ለስላሳ ነው፣ ጉልበት ይጠጣል። እኔ እግሯን የምይዛት በትንሽ ቦታ፣ በስስ የብረት ማጣበቂያ ነው።"

ለዓመታት የጥፋቱን ቦታ ስፈልግ ከርሜ በአንድ ከሰዓት ነገረችኝ። ኩባያዬን ከሙጫዋ አላቀቀቻት፣ ጭንብል አድርጋ ግቢው ጥግ በአሲድ አጠበቻት። እኔ ከሩቅ ቆሜ "ምናለ ይህን እኔ ባገኘሁት" እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ

እሳቱ ያለው ሱሉልታ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ የሴራሚክ ሰሃንና የግድግዳ ጌጥ የሚሠሩበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አላቸው፤ ገዲሴ ኩባያዎቿን እዚያ ነው የምታግላቸው። የእኔዋንና እሷ አዲስ የሠራቻትን ይዘን በአዲሱ ገበያ በኩል ወጣን። እንጦጦን ሲሻገሩ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሱሉልታ ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ጅማ ዛፍ ይከልለናል፤ እዚያ ነፋሱ ቀጥታ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሹራብ አልያዝኩም ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ገና እጄን ሲጨብጡ "ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ይቺማ በረዶ ሆናለች!" ብለው ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን ጠሩ። የትልቅ ሰው ጋቢ ተደረበልኝ፣ ትኩስ ወተት ተሰጠኝ።

"አንቱ ምን ትለብሱ ታዲያ?" ስላቸው "እኔ ምድጃ አለኝ" ብለው ሳቁ።

ሁለቱን ኩባያዎች በንጹህ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኳርትዝ ከመጋሉ በፊት ባዶ ጣት ከነካው የላብ ጨው እሳቱ ውስጥ ነጭ እድፍ ሆኖ ይቀራል፣ መስታወቱም ይበላሻል። ስለዚህ ጓንት ይደረጋል። ገዲሴ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር የምድጃውን ሙቀት ልታስተካክል ስትሄድ እኔ ከሁለቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬ ጠራ፣ ለማንሳት አንዱን ጓንት አወለቅኩ። ባለቤቴ ነበር፤ ደህና ነኝ ብዬ ዘጋሁ። እጄ ባዶ ነው። የገዲሴ አዲሷ ኩባያ ፊቴ ናት፣ ጥርት ያለች። አንድ ጊዜ ቢነኳት አይታይም። ነገ እድፉ ሲወጣ ማንም ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ ዶሮ ሲያባርሩ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጓንቴን አጠለቅኩ። ሳጥኑን ከደንኩ።

ምድጃው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። በድንገት ከቀዘቀዘ መስታወቱ ውስጥ ውጥረት ይቀራል። መቀዝቀዝ እንደጀመረ መብራት ሄደ። ሙቀቱን ቀስ እያደረገ የሚያወርደው መቆጣጠሪያ ጠፋ። ገዲሴ ፊቷ ግርጥት አለ።

"አለቀልን" አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ግን "ሂን ሶዳቲና፣ አትፍሩ! በሩን ብቻ እንዳትከፍቱ" ብለው ያረጀ የሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ አወጡ። ሁላችንም፣ አዴ ጫልቱም ጭምር፣ ምድጃውን እንደ ታመመ ሰው ጠቅልለን ጡብ ደገፍንበት፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንን። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና ገዲሴ አንድ ነገር ፈራን። እዚያው እንድናድር ሆነ። ራት ላይ እርጎ በቂጣ በላን፤ ጋቢውን ለሁለት ተካፍለን አንድ አልጋ ላይ እንደ ዶርማችን ጊዜ ተጠጋግተን ተኛን።

እሑድ

ጠዋት አዴ ጫልቱ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ አቀረቡ። በቅጡ ሳንበላ ምድጃው ለብ ብሎ ስላገኘነው ከፈትን። ሁለቱም ጥርት ብለዋል። ኦቦ ቶሎሳ ለልፋታቸው ምንም አልቀበልም አሉ፤ "ከጅማ ማር ስትልኪ እንነጋገራለን" ብለው ጋቢውን ከላዬ ላይ ሳያወርዱ ሸኙኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ።

ቡራዩ እሑድ ሌላ ከተማ ነው። ግራይንደሮቹ ዝም ብለዋል፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ መዝሙር ከሩቅ ይሰማል። ገዲሴ ዋና ዋና ልኬቷን እሑድ የምትሠራው ለዚህ ነው። የእኔዋን እግር እንዳሳየችኝ አድርጌ ራሴ ገጠምኳት። አየሩ ወጣ። ነካ አደረገቻት።

ፉጨቱ ጀመረ። ገዲሴ ተቀመጠች። ሻይ አመጣች፣ ጠጣን። በቀለ ሕፃኑን ይዞ ከጸሎት ተመለሰ፣ ምሳ ቀረበ፣ ምሳ አለቀ። ፉጨቱ አለ። የዓርቡ የሷ ፉጨት ይህን ያህል ሳይቆይ ነበር ያለቀው።

ገዲሴ ሳህኑን አስቀምጣ ተነሳች። ሽቦውን ነቀለች። ፉጨቱ ቀጠለ። ኮምፒውተሯ ላይ መስመሩን አየች፣ ዓይኗን አሸች፣ እንደገና አየች። ከዚያ አጠፋችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። የራሷን ምርጧን ለካች፣ ያቺኛዋም እንደ ዓርቡ ጥሩ ነበረች፣ ግን ከእኔዋ አጠረች። አዲሷንም ለካች። እሷም አጠረች። እንደገና የእኔዋን አስገባች። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ጀርባዋን ብቻ እያየሁ ነበር። ከአሞራረዴ የመጣው የዙሪያዋ እኩልነት ነበር፣ ሌላው ሁሉ የገዲሴ ነው፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን።

በመጨረሻ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል።

"ሰኒ፣ ቀናሁብሽ" አለች። "ይኸው ተቃጠልኩ። አሁን እዚህ፣ ሆዴ ውስጥ።" ሆዷን በእጇ መታች። "ፈጣሪ ይይልኝ፣ እንዴት ነው የሞረድሻት? አሳዪኝ!"

በቀለ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ እንባዋ ግን ወረደ። መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ለቆፋሪዎቹ ያንቺን ነው የምናሳያቸው፤ የሰናይት ናት ብዬ" አለች ጆሮዬ ስር።

እስከ ምሽት የእጄን አያያዝ አሳየኋት። ሞረዱን እንዴት እንደማዞረው፣ በየስንት ዙሩ እጄን እንደምቀይር፣ ሁሉንም። እሷ ምንም እንዳልደበቀችኝ እኔም አልደበቅኩም። ወይም መደበቅ አፈርኩ። የትኛው እንደሆነ አላጣራሁም።

ሰኞ

ማለዳ ታክሲ ተራው ድረስ ሸኘችኝ። ኩባያዬ ቡራዩ ቀርታለች፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ በቀለ የቋጠረልኝ ቆሎ ነበር። መንገዱ ዳር ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ተሰልፏል። ገዲሴ ስለ ቆፋሪዎቹ ቀጠሮ ታወራለች፣ እኔ ግን አንዲት ቃል ለመናገር አፌን እያዘጋጀሁ ነበር። እሷ ባንድ ትንፋሽ፣ ባሏ ፊት፣ እየሳቀች ያለቻትን ያቺን ቃል። እኔ ክረምቱን ሙሉ ይዣት የከረምኩትን።

"ገዲሴ..." አልኳት።

"ወዬ?"

"መልካም ቀን።"

"ገላቶሚ፣ የኔ ቆንጆ። ስትደርሺ ደውዪ።"

በመስኮቱ ዞሬ አየኋት። እጇን እያውለበለበች ነበር፣ ፊቷ እንደ ታጠበ ልብስ ቀሎታል። እስከ ጊቤ ድረስ በዚያ ፊቷ እየቀናሁ ሄድኩ።